የት እናክብረው? የቤተሰብ የተፈጥሮ ቅዳሜና እሁድ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚነሡ

አምና ሐይቅ ዳር ባሰናዳነው የቤተሰብ የተፈጥሮ በዓል ላይ ሞንታርቦ ይዘን የሄድነው እኛው ነን። ጥፋቱን በሌላ አላላክክም፤ ኮሚቴው ውስጥ እኔም ነበርኩበት። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ዘፈኑ ሲለቀቅ ቄጠማው ውስጥ የነበሩት ዳክዬዎች ግር ብለው ተነሡና ማዶ ሄደው ዐረፉ። የመጀመሪያው ንግግር ርእስ ደግሞ «የአካባቢያችን አእዋፍ» ነበር። የጎረቤቴ የ7 ዓመት ልጅ እጄን ጎተት አድርጋ «ወፎቹ የታሉ?» አለችኝ። በጣቴ ማዶውን አሳየኋት። ከዚያ ርቀት ነጥብ ነጥብ ብቻ ነው የሚታየው።

ዘንድሮም ጥያቄው ተመልሶ መጥቷል። የትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበቦች፣ የወላጅ ኮሚቴዎች፣ አንዳንድ ዕድሮች ሳይቀሩ ልጆች ስለ ዱር እንስሳትና ስለ ደን እያዩ የሚማሩበት የሁለት ቀን ዝግጅት ማሰናዳት ይፈልጋሉ። ቦታ መምረጥ ላይ ሲደርሱ ግን ስብሰባው አራት ቦታ ይከፈላል። አንዱ «ጦሳ ተራራ እያለልን የት እንሄዳለን» ይላል። የኮምቦልቻው ሰው የጎፍ ተራራን ያነሣል። ዓሣ ያማረው የሐይቅ ከተማውን ሐይቅ ይላል። ፎቶ የሚወደው ደግሞ «ቀይ ቀበሮ ካላሳየናቸው ምኑን የተፈጥሮ በዓል ሆነ» ብሎ ቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ካልሄድን ይላል። አራቱንም ቦታዎች በእግሬ አይቻቸዋለሁ፤ ሁሉም ደስ ይላሉ፣ ሁሉም ግን ለሁሉ ሰው አይሆኑም።

መጀመሪያ መለኪያው

ስለ ቦታ ከመከራከር በፊት በምን እንደምንለካ ብንስማማ ግማሹ ጭቅጭቅ ይቀራል። እኔ ስድስት ነገር እጠይቃለሁ፤ እኩል ክብደት ግን አልሰጣቸውም።

ከሁሉ በላይ የምጠይቀው ልጁ በርግጥ ምን ያያል የሚለውን ነው። መዝገብ ላይ ያለ እንስሳ ሌላ፣ ዓይን ፊት የሚቆም እንስሳ ሌላ። ነብር ያለበት ደን ሁሉ ነብር አያሳይም፤ በአንድ ቀን ጉዞ ነብር አያለሁ ብሎ የሚነሣ ሰው ቤቱ ቢያርፍ ይሻለዋል። ልጅ ዓመት ሙሉ የሚያወራው ድንጋይ ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ ስለሚሞቅ ሽኮኮ ወይም ዳቦ ስለነጠቀው ዝንጀሮ ነው።

ቀጥሎ የትንሹ ልጅና የአያት እግር ይመጣል። «የቤተሰብ» ብላችሁ ከጠራችሁ አያቶች ይመጣሉ፣ የታዘለ ሕፃንም ይመጣል። ወጣት መምህራን ብቻ ያሉበት ኮሚቴ ይህን ሁልጊዜ ይረሳዋል።

ሦስተኛው መኪና ውስጥ የሚያልፈው ሰዓት ነው። አራተኛው ሽንት ቤት፣ የሚጠጣ ውኃና ጥላ፤ ይህን የናቀ ኮሚቴ ከእናቶች ጋር አይታረቅም። አምስተኛው ወጪ። ብር በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ እዚህ በቁጥር አልጽፍም፤ ከየቦታው ጋር ወጪውን የሚወልደው ምን እንደሆነ ብቻ እናገራለሁ።

ስድስተኛው ብዙ ጊዜ አይጠየቅም፦ እዚያ ሄደን የምንሠራው ሥራ አለ ወይ? 200 ሰው አንድ ደን ውስጥ ገብቶ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ ጥሎ ከወጣ በዓሉ የተፈጥሮ ጥበቃ ሳይሆን የተፈጥሮ ጉዳት ነው። ልጁ በእጁ አንድ ነገር ሠርቶ ወይም ቆጥሮ መመለስ አለበት።

ጦሳ፦ ደጃፋችን ላይ ያለው

ደሴ ላይ የትም ቆማችሁ ቀና ብትሉ ጦሳ አለ። እስከ ግርጌው ባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። ከወጪ አንጻር የሚስተካከለው የለም፤ ምሳ ከቤት ይቋጠራል፣ ማደሪያ አያስፈልግም፣ እሁድ ደግሞ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከሌላ ጉዳዩ ተመልሶ መቀላቀል ይችላል።

ምን ይታያል? ወፍ አለ። ምንቃሩ ወፍራም፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ትልቁ ቁራ ደሴ ውስጥ ቆሻሻ ሲጎረጉር ስለምናየው አንቆጥረውም እንጂ ከአፍሪካ ቀንድ ውጪ አይገኝም። ከሩቅ አገር ሰዎች እሱን ፍለጋ ይመጣሉ ብላችሁ ለልጅ ብትነግሩት አያምናችሁም። ጭላትና ጥንብ አንሳ ከላይ ያንዣብባሉ፤ ድንጋያማው ቦታ ላይ ጠዋት ጠዋት ሽኮኮ ፀሐይ ለመሞቅ ይወጣል። ጅብ ቀን አይታይም፣ ዱካው ግን አለ። አንድ መምህር ልጆቹን ሰብስቦ ነጭ የደረቀ የጅብ ኩስ በእንጨት ሰብሮ ሲያሳያቸው አይቻለሁ። ነጭ የሆነው ጅቡ ከሚቆረጥመው አጥንት ነው፤ ውስጡ ፀጉር አለ። ልጆቹ መጀመሪያ አፍንጫቸውን ያዙ፣ ቀጥሎ እንጨቱን ተሻሙ።

የጦሳ ጉድለት ባሕር ዛፉ ነው። ከሥሩ ብዙ ነገር አይበቅልም፤ ስለዚህ ወፉም ነፍሳቱም ያንሳል። ይህንኑ ግን ትምህርት ማድረግ ይቻላል። 4 ሜትር ገመድ ቁረጡ፣ ጫፍና ጫፉን አስራችሁ በአራት ችካል ብትወጥሩት ጎኑ 1 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ይወጣል። አንዱን ገመድ ባሕር ዛፍ ሥር፣ ሌላውን ጽድ ወይም ቁጥቋጦ ያለበት ቦታ ዘርጉና ልጆቹ በውስጡ ያለውን ተክል፣ ጉንዳን፣ ሸረሪት ሁሉ ይቁጠሩ። የሁለቱን ቁጥር ካርቶን ላይ ጻፉት። ከዚያ በኋላ ስለ አገር በቀል ዛፍ ንግግር የሚያደርግ የክብር እንግዳ መጋበዝ አያስፈልግም።

ሌላም ነገር አለ። ደሴ መሬቷ የሚንሸራተት፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ የሚፈራባት ከተማ ናት። ከጦሳ ቁልቁል እያዩ የትኛው ገደል የማን ሰፈር ላይ እንደሚወርድ ለልጅ ማሳየት ይቻላል፤ ዛፍ ለምን እንደሚተከል ከዚህ ወዲያ ማስረዳት አይቻልም። ከዚህ በተረፈ ከተማዋ ራሷ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ከቆላ የመጣ እንግዳ ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ለአያቶች ግርጌው ላይ መቀመጫ አዘጋጁ። ሽንት ቤት የለም።

የጎፍ፦ የኮምቦልቻ ዳገት

ከኮምቦልቻ በላይ ጠቆር ብሎ የሚታየው ተራራ የጎፍ ነው። ኮምቦልቻ ከ1,900 ሜትር በታች ናት፣ የተራራው ጫፍ ግን 3,000 ሜትር አካባቢ ይደርሳል፤ ስለዚህ በአንድ ቀን ከሙቀት ወደ ብርድ መውጣት ይቻላል። ዋናው ሀብቱ ዛፉ ነው፦ ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራ። የተተከለ ባሕር ዛፍም አለበት፣ ግን የተፈጥሮው ደን አለ፤ በደቡብ ወሎ ከከተማ አጠገብ እንዲህ ያለ ደን ብዙ አልቀረም።

ከደሴ ለሚመጣ ቤተሰብ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁለት ነው። በሐረጎ ሲወርዱ መኪና ውስጥ የሚያስመልሳቸው ልጆች አይጠፉም። ፌስታልና ሎሚ ያዙ፣ ቁርስም ከጉዞው በኋላ ይሁን።

ዝንጀሮና ጦጣ የማየት ዕድላችሁ ጥሩ ነው። ድኩላ ካያችሁ ዕድለኛ ናችሁ፤ ብዙ ጊዜ የሚታየው ኮቴው ብቻ ነው፣ እሱንም መሪ ካለ። ዝንጀሮው ግን እናንተን ፈልጎ ይመጣል። አንድ ጊዜ የአንዲት ተማሪ አያት ድፎ ዳቦ በኮባ ቅጠል የተጋገረ፣ ገና ሙቀቱ ያልወጣ፣ በነጠላ ጠቅልለው ከጎናቸው አስቀምጠው ቡና ሊያፈሉ ከሰል ያራግባሉ። ትልቅ ወንድ ዝንጀሮ ከኋላ መጣና ነጠላውን ሳይነካ ዳቦውን ብቻ አውጥቶ ወሰደ። እማማ ዘወር ብለው «አንተ ባለጌ! ቢስሚላህ እንኳ አትልም?» አሉት። ልጆቹ በሳቅ ወደቁ። ከዚያ «አብሽሩ፣ ቆሎ አለ» ብለው ቀጠሉ።

ታሪኩ ያስቃል፤ ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ዝንጀሮ ቀጥሎ የገበሬ ማሳ ውስጥ፣ ከዚያም ሰው ቤት ይገባል፤ መጨረሻው ዱላ ወይም መርዝ ነው። የጎፍን ከመረጣችሁ ምግብ ሁሉ ክዳን ባለው ዕቃ ይሁን፣ የሚበላበት ቦታ ከደኑ ጠርዝ ውጪ ይሁን፣ «ልጄ ሙዝ ይስጠውና ፎቶ እናንሣ» የሚል አባት ሲመጣ የሚከለክል አንድ ደፋር ሰው ይመደብ። አዎ፣ ሁልጊዜም ይመጣል።

የሚሠራው ሥራ እዚህ ሞልቷል። ደኑን የሚያዋስኑት ገበሬዎች ለማገዶና ለግጦሽ ይፈልጉታል፤ ከእነሱ አንዱን ጋብዛችሁ ለልጆች እንዲያወራ ብታደርጉ ከየትኛውም ባለሙያ ንግግር ይበልጣል። ዝንጀሮ በቆሎውን ሲበላበት ምን እንደሚሰማው የሚናገር ሰው የጥበቃን ክብደት ያስረዳል። ወይራና ጽድ ለመትከል ካሰባችሁ ግን በጋ ላይ አይሆንም። ለክረምት ቀጠሮ ይዛችሁ ተመለሱ፤ በበጋው ጉዞ ልጆቹ የተተከለውን ይኮትኩቱ፣ ከተረፈም ቆሻሻ ይልቀሙ።

ለአያት ይከብዳል። ዳገቱ ቀልድ አይደለም፤ ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ ግማሽ መንገድ ላይ «እዘለኝ» ይላል። ደኑን የሚያስተዳድረውን መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ቀድሞ ማስፈቀድ ግዴታ ነው፣ የሚመራ ጥበቃም ጠይቁ። እሳት ደን ውስጥ ፈጽሞ አይነደድም፤ ቡናውም ቢሆን።

ሐይቅ፦ ሁሉም ሰው የሚስማማበት

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አስፋልት። ሚኒባሱ ከመናኸሪያ ይነሣል፣ መንገዱ አይረዝምም፣ ሰው ሁሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ሄዶበታል። ስለዚህ አንዳንዱ ወላጅ «ደግሞ ሐይቅ?» ብሎ ፊቱን ያጨማድዳል። ዓሣ በልቶ ተመልሷል እንጂ ሐይቁን አላየውም።

ሐይቅን ለቤተሰብ የሚያስመርጠው እንስሳው ከሰው ጋር በአንድ ሜዳ ላይ መሆኑ ነው። ዳገት የለም፤ ዳር ላይ ምንጣፍ አንጥፎ የተቀመጠ አያትና ቄጠማ ሥር የሚንከላወስ የ4 ዓመት ልጅ አንድ ዓይነት ወፍ ያያሉ። ዳክዬ፣ ፔሊካን፣ ዓሣ አዳኝ ንስር፤ ከመስከረም እስከ መጋቢት ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች ይጨመሩበታል። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ድረስ ያለው ጊዜ ወርቅ ነው። ከ4 ሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል፣ ሰዉም ይበዛል። ስለዚህ ዝግጅቱን በ4 ሰዓት የሚጀምር ኮሚቴ ወፉ አምልጦታል። (ሞንታርቦ የያዘውማ ምን ይባላል።)

ልጆች ሊማሩበት የሚችሉት አንድ ትልቅ ነገር ሳህናቸው ላይ አለ። ቆሮሶ ዓሣ ከሐይቁ ተወላጆች አይደለም፤ በሰው የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ዛሬ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗል፣ በዚያው ልክ ደግሞ በውኃው ውስጥ የነበረውን የደቃቅ ፍጥረታት ሚዛን ለውጦታል። ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? የ12 ዓመት ልጆችን ሁለት ቡድን ከፍላችሁ አከራክሯቸው፤ አንዱ የዓሣ አጥማጁን፣ ሌላው የሐይቁን ጥብቅና ይቁም። አምና ከዝግጅቱ ሁሉ የተሳካልን ይሄ ብቻ ነበር፤ የዓሣ አጥማጁ ጠበቃ የሆነች ልጅ «ሐይቁ ልጆች የሉትም፣ እኔ ግን አሉኝ» ብላ ሁሉንም ዝም አሰኘች።

ውኃው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ይደርሳል፣ ከዳርም ብዙ ሳይርቅ ገደል ይሆናል። ጀልባ ካለ ሕይወት አድን ጃኬት ለእያንዳንዱ ልጅ ካልተገኘ አትሳፈሩ፤ «አጭር መንገድ ነው» የሚለውን አትስሙ። ዳር ላይ ውኃ ውስጥ መንቦጫረቅም ይቅር፣ ቢልሃርዝያ በእንዲህ ያለው ጨው አልባ ውኃ ዳር ነው የሚይዘው።

ገዳሙም አለ። ሐይቅ እስጢፋኖስ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያደራጁት፣ በትምህርቱ ስሙ የገነነ ገዳም ነው። የገዳሙ ግቢ ዛፎች ሳይቆረጡ የቆዩት በሃይማኖቱ ክብር ስለሆነ ለደን ጥበቃ ምሳሌ ይሆናል። ግን የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴቶች አይገቡም። እናቶችንና ሴት ልጆችን ውጪ አቁሞ ወንዶቹን ማስገባት የቤተሰብ በዓል ላይ ጥሩ ስሜት አይፈጥርም፤ እኔ ብሆን ከፕሮግራሙ አወጣዋለሁ፣ የፈለገ ሰው ሌላ ቀን ይሳለማል።

ሰዉ የበዛበት ሐይቅ ለሰለቻቸው አርዲቦ አለ። ከፍ ብሎ ያለ ትንሽ ሐይቅ ነው፣ በአንከርካሃ ወንዝ ውኃውን ወደ ሐይቅ ይልካል። ጸጥ ያለ፣ ያማረ፤ ምግብ ቤትና ሽንት ቤት ግን አትጠብቁ። ከ30 ሰው ላልበለጠ ቡድን ደህና ነው።

ስለ ጨፋ በአጭሩ

ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ሲወርዱ ቦርከና የሚተኛበት ረግረግ ጨፋ ነው። ከደሴ አካባቢ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል የሚያልፈው ወንዝ ያደረሰውን ሁሉ፣ ከተማው የጣለበትንም ጭምር፣ እዚያ ያሳርፋል። በበጋ ለወፍ የሚወዳደረው የለም፤ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው ይወርዱበታል። ይሁን እንጂ ሙቀቱ፣ ትንኙና ጥላ ማጣቱ ለሕፃን አይሆንም። ባይናኩላር ያላቸው ትልልቅ ልጆች ጠዋት ወርደው ከምሳ በፊት ቢመለሱ ግን ደስ ይላቸዋል፤ ደሴ ላይ ለስላሳ የተጠጣበት ፕላስቲክ የት እንደሚደርስም በዓይናቸው ያያሉ።

ቦረና ሳይንት፦ ስሙ ትልቅ፣ መንገዱም ትልቅ

የቀድሞ ስሙ ደንቆሮ ጫካ ነው፤ ስሙ ልጆችን ሁልጊዜ ያስቃል። ከደሴ እስከ መካነ ሰላም ብቻ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው፣ በጉጉፍቱና በአቀስታ በኩል። ጉጉፍቱ ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ጋቢ ያልያዘ ይቆጨዋል። ሂሳቡን ስሩት፦ ቅዳሜ መሄድ፣ እሁድ መመለስ ካላችሁ ሁለቱን ቀን መኪና ውስጥ አሳለፋችሁ ማለት ነው። ይህ ቦታ ቅዳሜና እሁድ ላይ አይበቃም፤ ዐርብ ተነሥቶ ሰኞ የሚመለስ ሰው ይፈልጋል።

ግን እዚህ ያለው ሌሎቹ ቦታዎች ላይ የለም። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም አይኖርም፤ ዋና ምግቡ ሣር ነው፣ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ከሩቅ ያስታውቃል። በመቶ ሆኖ ሣር ሲነጭ ድምፁ ራሱ ይሰማል፣ እንደ በሬ። ከፍ ሲሉ አስታ፣ ጅብራ፣ ጓሳ ሣር። ወንዱ ወደ ጥቁር የሚያደላ የምኒልክ ድኩላ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀይ ቀበሮ፤ በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ብቻ ነው፣ ሁሉም በአገራችን ተራሮች ላይ። በመንጋ ይኖራል፣ ሲያድን ግን ብቻውን ነው፣ ያውም በቀን፣ አይጥ ፍለጋ። ስለዚህ ትዕግሥት ላለው የመታየት ዕድል አለው። ዕድል ነው ያልኩት፤ ለልጅ «ታያለህ» ብላችሁ ቃል አትግቡ።

ቀይ ቀበሮን ከሚጨርሱት ነገሮች አንዱ ከቤት ውሻ የሚጋባው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ይህ ለደሴና ለኮምቦልቻ ልጅ ሩቅ ወሬ አይደለም። መካነ ሰላም ሳይሄድ የራሱን ቤት ውሻ ማስከተብ ይችላል። ፓርኩ ድረስ መሄድ ያልቻለ ኮሚቴ ከወረዳ እንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ተነጋግሮ የውሻ ክትባት ቀን ቢያዘጋጅ፣ እዚያ ሄዶ ፎቶ ካነሣው ኮሚቴ የበለጠ ለቀበሮው ሠራለት እላለሁ።

ወጪውን የሚወልዱት የኮንትራት መኪና፣ አልጋ፣ የፓርክ መግቢያና አብሮ የሚሄድ ስካውት ናቸው። በጸጥታውም በኩል ከመነሣታችሁ በፊት መንገዱን ዕለት ዕለት ከሚመላለሱ ሹፌሮችና ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ አንድ እንኳ ካመነታ አትሂዱ።

ሁሉም በአንድ ሠንጠረዥ

| መለኪያ | ጦሳ | የጎፍ | ሐይቅ | ቦረና ሳይንት |
|---|---|---|---|---|
| በብዛት የሚታየው | ቁራ፣ ጥንብ አንሳ፣ ሽኮኮ፣ የጅብ ዱካ | ዝንጀሮ፣ ጦጣ፣ ትልልቅ ዛፎች | የውኃ ወፎች፣ ዓሣ | ጭላዳ፤ በዕድል ቀይ ቀበሮ |
| ከደሴ ርቀት | በእግር | 25 ኪ.ሜ. ገደማ እስከ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ዳገት | 30 ኪ.ሜ. ገደማ | ወደ 180 ኪ.ሜ. እስከ መካነ ሰላም |
| ለሕፃንና ለአያት | ግርጌው ብቻ | ከባድ | በጣም ምቹ | አይሆንም |
| ሽንት ቤትና ውኃ | የለም፣ ይዞ መሄድ | ከተማው ውስጥ | ዳር ባሉ ምግብ ቤቶች | ማደሪያው ላይ ብቻ |
| ወጪ | ከሁሉ ያነሰ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ከፍተኛ |
| ልጆች የሚሠሩት | የገመድ ቆጠራ | ኩትኮታ፣ ከገበሬ ጋር ውይይት | የወፍ ቆጠራ፣ የቆሮሶ ክርክር | ምልከታ፤ ቤት ሲመለሱ የውሻ ክትባት |
| ዋናው ስጋት | መንሸራተት፣ ትንፋሽ ማጠር | ዝንጀሮና ምግብ፣ እሳት | ጥልቅ ውኃ | ርቀት፣ ብርድ፣ የመንገድ ሰላም |
| የሚበቃው ጊዜ | ግማሽ ቀን | 1 ቀን | 1 ወይም 2 ቀን | 4 ቀን |

እንግዲህ ለማን የቱ?

ለመጀመሪያ ጊዜ የምታዘጋጁና ዕድሜው የተደባለቀ ቤተሰብ ካላችሁ ሐይቅን ምረጡ። ሌላ አታውጡ አታውርዱ። ለ50 ሰውም ለ150 ሰውም ይሆናል፤ በተለይ ቅዳሜ ማታ እዚያው ካደራችሁ እሁድ ማለዳ ወፉን ከሰው በፊት ታገኙታላችሁ።

ገንዘብ የሌለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ክበብ ጦሳን አይናቅ። የገመዱ ቆጠራ የሚጠይቀው ገመድና ካርቶን ብቻ ነው፤ በየወሩ ሊደገምም ይችላል። በዓመት አንድ ጊዜ ሩቅ ከሄደ ልጅ ይልቅ በየወሩ አንድን ተራራ ያየ ልጅ ስለ ዱር እንስሳ የበለጠ ያውቃል ብዬ አምናለሁ፤ የማይስማማ ሰው ካለ ጦሳ ላይ እንገናኝ።

የኮምቦልቻ ቤተሰቦች፣ ልጆቻችሁ ከ9 ዓመት በላይ ከሆኑ፣ ወደ ሐይቅ ለመሄድ ደሴን አቋርጣችሁ ከምትደክሙ የጎፍ ይበቃችኋል። ትንንሾቹንና አያቶችን ኮምቦልቻ ጥላ ሥር አስቀምጡና ትልልቆቹ ወጥተው ይመለሱ፤ ምሳው አንድ ላይ ይሁን። የዝንጀሮውን ነገር አደራ።

ቦረና ሳይንት በ9ኛና በ12ኛ ክፍል መካከል ላሉ፣ ከ15 ለማይበልጡ፣ ስለ ባዮሎጂ የሚጠይቁ ልጆች ነው። የቤተሰብ በዓል አታድርጉት። ሽልማት አድርጉት፤ በዓመቱ ውስጥ ጦሳ ላይ በደንብ ለቆጠሩ ልጆች።

በጀታችሁ መካከለኛ ከሆነና ሁለቱንም ቀን መሙላት ከፈለጋችሁ ቅዳሜ ጠዋት ጦሳ፣ እሁድ ማለዳ ሐይቅ አድርጉት። ደረቅና ርጥብ፣ ቁራና ፔሊካን፤ ልጁ ራሱ ያነጻጽረዋል።

ቀኑ፣ ምግቡ፣ ደብዳቤው

የሚመረጠው ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥር ነው። አረንጓዴው አልደረቀም፣ ስደተኛ ወፎቹ ገብተዋል፣ የበልግ ዝናብም አልጀመረም። ጥር 25 ገደማ የዓለም የረግረግ መሬቶች ቀን ይውላል፤ ሐይቅን ለመረጠ ሰበብ ይሆናል። የካቲትን ስታስቡ ደግሞ አቆጣጠሩን ተመልከቱ፤ በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የገቡት። ወሎ ውስጥ ግማሹ የሚጾም፣ ግማሹ የማይበላ ቤተሰብ ይዞ የምሳ በዓል ማዘጋጀት አይሆንም።

ምግቡን አንድ ላይ ለማብላት ቀላሉ መንገድ የጾም ማድረግ ነው፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች፣ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ። ሁሉም ይበላዋል፣ ሥጋው የማን ነው የሚል ጥያቄም አይነሣም። ዓሣውን ሐይቅ ላይ የፈለገ ለብቻው ያዝዛል።

ደብዳቤ ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ይግባ፦ ለቀበሌው፣ ቦታውን ለሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት፣ ለጸጥታ። የሰው ቁጥር፣ የመኪና ቁጥር፣ የምትቆዩበትን ሰዓት ጻፉበት፤ «ወደ 100 ሰው» ብሎ 200 ይዞ የሄደ ኮሚቴ በሚቀጥለው ዓመት አይፈቀድለትም። ለ10 ልጅ 1 አዋቂ፣ ሐይቅ ላይ ለ5 ልጅ 1 አዋቂ። ለአንድ ሰው ለቀኑ 2 ሊትር ውኃ፣ በጀሪካን ሆኖ፤ እያንዳንዱ የራሱን ኩባያ ይዞ ይምጣ፣ የታሸገ ውኃ አትግዙ። ሁለት ባይናኩላር ለ30 ልጅ ይበቃል፣ ገመዱ አንገት ላይ እስካለ ድረስ።

ሞንታርቦ የሚያከራየው ሰው ዘንድሮም ደውሎ ነበር። ፊሽካ ብቻ ነው የምንይዘው አልኩት፤ እሱም ሲያስፈልግ ብቻ፣ ምሳ ሲደርስ።